ቆፍረው ጠፉ

ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ያያል፤ ከዚያ ሜዳውን፤ ከዚያ ቆርቆሮ አጥር። ቆርቆሮው ላይ የባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሥዕል ተለጥፏል። መስታወቱ ሰማያዊ፣ በረንዳው አበባ በአበባ፣ ደጁ ላይ የቆሙት መኪኖች ሁሉ አዲስ። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ሰማያዊው ነጥቷል፣ አበባው ጠፍቷል። ከጎኑ የቆመው ሰሌዳ የባለቤቱን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን ስም፣ ሥራው የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይናገራል። የሚያልቅበት ቀን ካለፈ ቆይቷል። ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው ግን ሕንፃ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው።

አንድ ጉድጓድ ቢሆንማ ዞሮ ማለፍ ነበር። ሰበታ ያለ ወዳጄን ብጠይቀው የሰፈሩን ጉድጓድ ይነግረኛል፤ ቡራዩ ያለው ደግሞ የእሱ ሰፈር እንደሚበልጥ ይምላል። አዲስ አበባማ አትጠየቅም። የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር "ጉድጓዱ ጋ ወራጅ አለ?" ማለት ከጀመረ ወዲህ ጉድጓዱ የአካባቢው ቋሚ አድራሻ ሆኗል። ስንት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያላገኘውን ማዕረግ አንድ ያልተደፈነ ጉድጓድ አገኘው።

አባቶች "ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና" ይላሉ። የዛሬ ቆፋሪዎች አርቀው የሚቆፍሩት ምክሩን ሳይሰሙ ቀርተው አይመስለኝም። ማን እንደሚገባበት ስላወቁ ነው። የሚገባበት ጎረቤት ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ ግብር ከፋዩ።

አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ማለዳ ኤክስካቫተሩ በሎቤድ ተጭኖ ይመጣል። "እንዴት አደራችሁ" የለ፣ "ልንቆፍር ነውና አጥራችሁን ተመልከቱ" የለ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሩጫ ላየ ሰው ግን፣ አገሩ ሁሉ በዚህ ፍጥነት ቢሠራ ኖሮ የት በደረስን ያሰኛል። ሲኖ ትራኩ ሌሊቱን ሙሉ አፈር ሲያመላልስ ያድራል። አፈሩ የት እንደሚደፋ የሚጠይቅ የለም፤ ጠዋት ስንነሣ ወንዝ ዳር፣ ግጦሽ ጫፍ፣ የመንገድ ቦይ ውስጥ ተቆልሎ እናገኘዋለን። ጭቃው አስፋልቱን ይሸፍነዋል፣ ባጃጁ ይንሸራተታል፣ ተማሪው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። እንታገሣለን፤ ልማት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ማሽኑ ዝም ይላል።

ለምን ዝም እንዳለ የምንሰማው ከዘበኛው ነው፤ እሱም በየወቅቱ ሌላ ምክንያት ይነግረናል። መጀመሪያ "ዲዛይኑ እየተከለሰ ነው" አለን። ቀጥሎ "አማካሪው የክፍያ ሰርተፊኬት አልፈረመም"። ከዚያ "ሲሚንቶ ጠፋ"፣ "ባንኩ ብድሩን አልለቀቀም"፣ "ዓለት ገጠማቸው"፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ "ውሃ ወጣ"። በመጨረሻ የራሱም ደመወዝ ሲቆም ምክንያት መንገሩን ተወው። እሱም ምስኪን ነው፤ ለጉድጓድ ዘበኛ ሆኖ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅ።

ከሁሉም ምክንያት እኔን የሚያናድደኝ "ውሃ ወጣ" የሚለው ነው። ሱሉልታ ላይ የሚቆፍር ሰው ውሃ ካልጠበቀ ምን ሊያገኝ አስቦ ነበር? የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ መለያ ነው። በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በእኛ በሱሉልታ በኩል የዘነበው ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ሰርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሜዳው በክረምት ረግረግ መሆኑን ለማወቅ ጂኦሎጂስት መቅጠር አያስፈልግም፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጠየቅ ይበቃል። የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች እዚህ ድረስ የመጡት ለአየሩ አይደለም። ያም ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ በታየ ቁጥር ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው "ያልተጠበቀ የከርሰ ምድር ውሃ በማጋጠሙ" ብሎ ይጀምርና የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ክፍያ ጠይቆ ያበቃል። እኛ ጀሪካን አሰልፈን ውሃ ስንጠብቅ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ውሃ አገኘን ብለው ያለቅሳሉ።

አፈሩም ምስጢር የለውም። ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል። እዚህ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወይ ዋልካውን ጠርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይ ግድግዳው በተሰነጠቀ ቁጥር እየለሰነ ይኖራል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መቆፈርና ያለ ምንም ድጋፍ ለክረምት ትቶ መሄድ ድፍረት ነው። የተቆረጠው አፈር ደረቅ እያለ ይቆማል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርስ የተያያዘበት ኃይል ይላላል፣ አንድ ሌሊት ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው፤ አጥር ከሆነ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ ከሆነ ምሰሶ፣ ሽንት ቤት ከሆነ ሽንት ቤት። ታች ሠራተኛ ካለ ደግሞ ዜናውን ሁላችንም ሰምተነዋል። "አፈር ተንዶ" የሚለው ዜና በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሳይሰማ የሚያልፍ ዓመት የለም ማለት ይቻላል፤ ከሥር የሚገኙትም ብዙ ጊዜ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ናቸው። ሰሌዳው ላይ ስማቸው ከተጻፈው አንዳቸውም እዚያ ታች አይገኙም።

ይህ ሁሉ ሳይቆፈር በፊት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። ቀጭን ጉድጓድ በማሽን ይበሳል፣ ናሙና ይወጣል፣ ላቦራቶሪ ይገባል፣ የውሃው ከፍታ በበጋም በክረምትም ይለካል። ወጪው ከሕንፃው ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕግ የለም ደግሞ አይባልም። ኢቢሲኤስ 7 የሚባለው የመሠረት ሥራ ደንብ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995 ወጥቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ቆፋሪው በአጠገቡ ላለው ንብረት ደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ አስገድዷል። ግን ለብዙ ባለሕንፃ የአፈር ምርመራ ማለት ለግንባታ ፈቃድ ከፋይል ጋር የሚያያዝ ወረቀት ነው። ሁለት ቦታ ይበሳል፣ በጥር ወር ይለካል፣ "ውሃ አልተገኘም" ተብሎ ማኅተም ይመታል። በሐምሌ ግን ፋይሉ ቢሮ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል፣ ጉድጓዱ ሞልቷል።

ከውሃው ቀጥሎ የዓለት ክርክር ይመጣል። ይህን ከሥራው ጋር የሚውሉ ሰዎች ሲያወሩት ነው የሰማሁት፤ አንዴ ከሰማችሁት በኋላ የትም ሳይት ስታልፉ ትዝ ይላችኋል። የሥራ ዝርዝሩ ላይ የቁፋሮ ዋጋ በዓይነት ይቀመጣል፤ ተራ አፈር አንድ ዋጋ፣ ልል ዓለት ሌላ፣ ጠንካራ ዓለት ከሁሉም የሚበልጥ። ብልጥ ተጫራች የተራ አፈሩን ዋጋ ያወርድና የዓለቱን ይሰቅላል። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የዓለት መጠን ጥቂት ስለሆነ ድምሩ ርካሽ ይመስላል፣ ጨረታውንም ያሸንፋል። ሥራው ሲጀመር ዓለቱ ይበዛል። አማካሪው "ይሄ በኤክስካቫተር የሚነሣ ነው፣ ዓለት አይባልም" ይላል። ተቋራጩ "ጃክ ሃመር ካላስገባሁ አይነቃነቅም" ይላል። ባለቤቱ መሃል ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። እስኪስማሙ ማሽኑ ይቆማል፣ የቆመ ማሽን ኪራይ ይቆጥራል፣ ኪራዩም በተራው ሌላ ደብዳቤ ይሆናል። ዓለቱ ግን ሰው ሳይፈጠር ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ማንም አልደበቀው።

በትንሹ የምናየው በትልቁም ታይቷል። የግልገል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫን አስታውሱ። ሥራው በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር የጣሊያኑ ሳሊኒ 490 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሆነውን ውል ያለ ጨረታ፣ በቀጥታ ድርድር ነበር የወሰደው። ሐሳቡ ያምራል፤ ከግልገል ጊቤ አንድ ተርባይን የወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተራራውን አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ መጣል፣ 420 ሜጋ ዋትም ማመንጨት። አዲስ ትልቅ ግድብ አያስፈልገውም፤ ፕሮጀክቱ ማለት ዋሻው ነው። ስለዚህ ከማንም በፊት መጠየቅ የነበረበት ተራራው ነበር።

በጥቅምት 1999 መሰርሰሪያ ማሽኑ የተሰባበረ ዓለት ውስጥ ገባ። ታምቆ የኖረ ጭቃ ከፊት ለፊት መጥቶ ያን የሚያህል ማሽን ወደ ኋላ ገፋው፣ አበላሸው። ማሽኑን አላቅቆ፣ ጠግኖ፣ ሌላ መንገድ ቆፍሮ መቀጠል ረጅም ጊዜ በላ። በታኅሣሥ 2000 ያልቃል የተባለው ሥራ በጥር 2002 ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ጣቢያው ቆመ። ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው በታኅሣሥ 2003 ነው። ኩባንያው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የጂኦሎጂ ክስተት ነው አለ፤ ተቺዎች ደግሞ ከቁፋሮው በፊት የተደረገው ጥናት በቂ አልነበረም አሉ። ዳኝነቱን ለባለሙያ ልተወው። የኩባንያውን መልስ ግን ሳነብ የሱሉልታው ደብዳቤ ትዝ ይለኛል፤ ቃላቱ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ነገሩ ያው ነው። ሁልጊዜ የሚያስገርመን መሬቱ ነው፤ የሚገረመው ሰው ግን አይለወጥም፣ አይጠየቅም።

ቁፋሮ ሁሉ ይጓተታል ማለቴ አይደለም። ለአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በሚያዝያ 2005 ከቦታው ሲነሣ፣ "ሄደ፣ ከእንግዲህ አይመለስም" ያለው ሰው ብዙ ነበር። ባቡሩ በመስከረም 2008 መንገደኛ ጫነ፤ ሐውልቱም በዚያው ዓመት ቦታው ተመለሰ። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከፊሉ ከመሬት በታች። ባቡሩ ከዚያ በኋላ በመለዋወጫ እጦት የደረሰበት የራሱ እሮሮ ስላለው እዚህ አላነሣውም። ለዛሬው ወሬዬ የሚበቃኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ቁፋሮ ሲጀመር ገንዘቡ ከቁፋሮው በፊት ተገኝቶ ነበር።

ታዲያ ገንዘብ ሳይኖር ለምን ይቆፈራል? የግል ባለሕንፃ የሚቆፍረው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን እንዳይነጠቅ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሬት የወሰደ ሰው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል፤ ግንባታ ጀመረ የሚባለውም ቢያንስ መሠረቱን ሠርቶ ለኮለን ብረት ሲያቆም ነው። ዓላማው መሬት አጥሮ የሚያስቀምጠውን ሰው ማስነሣት ነበር፤ መልካም ዓላማ ነው። ውጤቱን ግን በየመንገዱ ታያላችሁ። ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ወደ ሰማይ የወጣ ዝገት የበላው ፌሮ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ጀምሯል። የማጠናቀቂያ ጊዜውም እንደ ግንባታው ትልቅነት 24፣ 36 ወይም 48 ወር ተብሎ ተቀምጧል፤ ላላለቀለት ማራዘሚያ አለ። ማራዘሚያውን ለማግኘት ባለሕንፃው አንድ ኤክስካቫተር ለሁለት ቀን ይከራይና ጉድጓዱን ትንሽ ይነካካዋል። ጎረቤቱ "ተመለሱ!" ብሎ ደስ ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ የለም።

የመንግሥት ሥራ ሲሆን ጥፋቱ የበጀት ዓመቱ ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ደግሞ ሱሉልታ ላይ ሰማይ የሚቀደድበት ወር ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ሰነድ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተለቅቆ ማሽን እስኪገባ ሚያዝያና ግንቦት ይደርሳል። ሰኔ 30 ሳይደርስ ያልተበላ ገንዘብ ይመለሳልና ቁፋሮው በግንቦት ይጦፋል። ሰኔ ግም ሲል ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ዝናቡን ይቀበላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት፣ አፈሩ የሚቆምበት፣ ውሃው ዝቅ የሚልበት፣ መኪናው የማይሰምጥበት ያ ሁሉ ጊዜ በስብሰባና በወርክሾፕ ያልፋል። አንድ የገበሬ ልጅ ይህን የቀን አቆጣጠር ቢያይ ምን እንደሚል አስባለሁ።

አንድ ክረምት በጉድጓድ ማለፍ ማለት ውሃ መቅዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ በተቻለ። የዕቃው ዋጋም አብሮ ይወጣል። ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከእኛ አይርቅም፤ በጫንጮ በኩል የሚመጡት ከባድ መኪኖች ሲሚንቶውን በደጃችን ነው የሚያሳልፉት። ሲሚንቶ በጠፋባቸው ዓመታት ግን ደጃችን ላይ የሚያልፈውን በዓይናችን እየሸኘን፣ በኮታና በወረፋ፣ አለዚያም በደላላ ዋጋ ነበር የምንገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጉድጓዱን በ57 ቆፍሮ መሠረቱን ከ100 በላይ በሆነው ሊሞላ የተገደደ ባለሕንፃ የመሠረት ብረቱን ዋጋ ሲጠይቅ ዋለ፤ ወደ ቤቱ ሲገባ በሩን ዘጋ፤ ስልኩንም ዘጋ። እውነት ለመናገር ለእሱም አዝንለታለሁ። ግን ጉድጓዱን ክፍቱን ትቶብኝ ነው በሩን የዘጋው።

ለዘገየ ተቋራጭ ቅጣት አለ ይባላል። በተለመደው የመንግሥት ውል ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው መዘግየት በነጻ ነው ማለት ነው። ውሉን ማቋረጥስ? ይቻላል። ውል ሲቋረጥ ክርክር፣ ከክርክሩ በኋላ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤቱ በኋላ አዲስ ጨረታ፣ ከአዲሱ ጨረታ በኋላ ሌላ ክረምት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አጥሩ ለተናደበት ጎረቤት የተጻፈ አንድ መስመር ፈልጋችሁ ታጣላችሁ።

መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ። ይህን ሳማርር "አንተ ደግሞ፣ ፈረንጅስ መች ተሳካለት?" ይለኛል። ልክ ነው። ቦስተን ከተማ መንገዷን ከመሬት በታች ስታስገባ ግምቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1982 የዶላር ዋጋ 2.8 ቢሊዮን ነበር፤ ሲያልቅ ከ14 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ቤንት ፍሉቭብየርግ የሚባሉ የዴንማርክ ምሁር በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶችን መዝግበው፣ በበጀቱም በጊዜውም የታቀደለትንም ጥቅም ሰጥቶ ያለቀው 0.5 በመቶው ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 2009 ላይ፣ ለባቡር በተቆፈረ ጉድጓድ የተነሣ የከተማዋ ቤተ መዛግብት ሕንፃ እንዳለ ተደርምሶ ሁለት ሰው ሞቷል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር እንደ ማጽናኛ ነው። እኔ ግን የኮሎኙን ታሪክ መጨረሻ እጠይቀዋለሁ፤ ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2020 የሥራ ተቋራጮቹ ኅብረት ለከተማዋ 600 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። ጉድጓድ እዚያም ይደረመሳል። ልዩነቱ ከፋዩ ላይ ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ሲደርስ ሻይ ያዛል።

የእኛ መንደር ጉድጓድ ያስከፈለን በትንሽ በትንሹ ነው። የግድግዳዬ ስንጥቅ መጀመሪያ የምስማር ያህል ነበር፤ አሁን ሳንቲም ይውጣል። ተሰብስበን ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ጉዳቱ በቁፋሮው ምክንያት መድረሱን የሚያረጋግጥ የባለሙያ ማስረጃ አምጡ ተባልን። ባለሙያ ስንጠይቅ ሳይቱ ውስጥ ገብቼ ካላየሁ አልጽፍም አለ። ሳይቱ ውስጥ ለመግባት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ ስልክ አያነሣም። ሱሉልታ በሸገር ከተማ ስር ክፍለ ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የቀድሞው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ሽንት ቤታቸው ከነ በሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶባቸዋል። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና "እማማ፣ ማመልከቻ ጽፈው ያስገቡ" አላቸው። "ልጄ፣" አሉት፣ "ማመልከቻውስ ይደርሳል፤ እስከዚያ የት ልሂድ?" ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ለግንባታ የተቆፈሩና ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች እንዲታጠሩና እንዲደፈኑ ያሳስባል፤ ልጆች እየገቡባቸው ስለሚሞቱ ነው። ማሳሰቢያው በሬዲዮ ይነበባል። የሚሰማው ልጁን የሚጠብቀው ወላጅ ነው፤ ቆፋሪው ያን ሰዓት ሬዲዮ አይከፍትም መሰለኝ።

ደግሞ የሚገርመው፣ መቆፈር ያለበት ቦታ አይቆፈርም። የገርቢ ግድብ እዚሁ ሱሉልታ አካባቢ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ በቀን 73 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር፤ ስቢሉ የተባለው ሌላ ግድብ ደግሞ ከእሱ እጅግ የሚበልጥ። ስማቸውን ከዓመታት በፊት ሰማን፣ ዛሬም ስማቸውን እንሰማለን። ገርቢ ለገበሬው በሚከፈለው ካሣ ጉዳይ ለዓመታት ተይዞ ቆይቷል። የገበሬው ካሣ አስቀድሞ ይከፈል የሚለው ክርክር እኔ እስከሚገባኝ ትክክለኛ ክርክር ነው። የገረመኝ የከተማው ጎረቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያነሣ "ልማት አደናቃፊ" መባሉ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ለምትሰጡ ሰዎች የምለው አለኝ። አንድ ባለሕንፃ ለመቆፈር ሲመጣ የአስራ ምናምን ፎቁን ሥዕል አትዩለት፤ ቢያንስ ከጉድጓዱ ወጥቶ መሬት ወለል እስኪደርስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ መቀመጡን ጠይቁት። ካልቀጠለ ጉድጓዱን መድፈኛ የሚሆን ዋስትና አስይዙት፤ ጠፍቶ ሲቀር በእሱ ገንዘብ ድፈኑት። የጎረቤቱን አጥርና ግድግዳ ቁፋሮው ሳይጀመር ፎቶ አንሡና ፋይል ውስጥ አያይዙ፤ ስልክ በየኪሳችን ባለበት ዘመን ይህ ወጪ አይባልም። የአፈር ምርመራው ላይ የተለካበትን ወር አንብቡ። መንግሥትም የራሱን ጉድጓድ በጥቅምት ይጀምር፤ በጀቱን ለዚያ እንዲመች ማድረግ ሕግ ለሚያወጣ አካል የሚከብድ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ፣ ከመሸ በኋላ በሱሉልታ የውስጥ መንገድ የምትሄዱ ሰዎች ባትሪ ያዙ። ቆርቆሮው የታጠረው ሥዕሉ በሚታይበት በዋናው መንገድ በኩል ብቻ ነው፤ በጓሮው በኩል ክፍት ነው።